ከጩኸቱ በኋላ የተባለው

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 11 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለቀድሞ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህን የምጠይቅህ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር እንጂ ጨንቆኝ አይደለም። ሳልህ ሻል እንዳለው እናትህን ገበያ አግኝቻቸው ነግረውኛል። እኛ ደህና ነን። ተረፈ ደህና ነው። ልጃችን ሩት ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። ዝናቡ ዘንድሮ አልወጣም ብሎ ጤና ጣቢያው በሳንባ ምች ሕፃናት ተጨናንቋል፤ ይህንንም የምጽፍልህ በምሳ ሰዓት መርፌ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ለሰላምታ ይህን ያህል ይበቃሃል።

አራት ጊዜ ደውለህ አላነሳሁልህም። ስልክ ካነሳሁ አንተ ታወራለህ፤ አንተ ማውራት ከጀመርክ ደግሞ እኔ የምለውን እረሳዋለሁ። ድሮም እንዲሁ ነበር። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም።

እንድንፈርም የላክኸው ወረቀት ደርሶናል። የድሮ ካሴት የሚሰበስቡ የውጭ ሰዎች የኛን ካሴት በሲዲ ሊያወጡት መሆኑን፣ ለዚህም የአራታችን ፊርማ እንደሚያስፈልግ አንብበናል። ቀጥሎም ስማችንን አነበብን። ድምፅ፣ ግጥም፣ ዜማና ጊታር፦ አንተ። ቤዝ፦ እኔ። ከበሮ፦ ጥሩሰው። ከታች በትንሽ ፊደል፣ ረዳት፦ ተረፈ።

ረዳት! ተረፈ ወረቀቱን አንብቦ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሚኒባስ ላይ በር ይዞ “ሾኔ፣ ሾኔ” የሚል ረዳት አደረግኸው እንዴ?

አሁን ሰው በሬዲዮ የሚያውቀው ያንተን ታሪክ ስለሆነ፣ እውነተኛውን አንድ ጊዜ ልጻፍልህ። ባትወደውም እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ፤ ፊርማችንን ስለምትፈልግ።

ያን ሙዚቃ መጀመሪያ ወደ ሆሳዕና ያመጣኸው አንተ ነህ፤ ይህን አልነፍግህም። በሀደሮ በኩል የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የመጣው ፈረንጅ፣ አስተርጓሚው ስለነበርክ፣ ሲሄድ ሰባት ካሴት ትቶልህ ሄደ። ትራሽ ሜታል የሚባል የጩኸት ሙዚቃ በዓለም ላይ መኖሩን ያወቅነው ከካሴቱ ሽፋን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን፤ ዘመኑ 1988። መጀመሪያ ስንሰማው ጥሩሰው ቴፑ የተበላሸ መስሎት ከፍቶ ማንበቢያውን በጥጥ ጠረገው። እኔ ግን በዚያው ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቤት ውስጥ ያፈንኩትን ሁሉ ሌላ ሰው በሌላ አገር አውጥቶ የጮኸልኝ መሰለኝ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ እኔ የመዘምራኑ ቤዝ ጊታር ተጫዋች። ጊታሩን ለልምምድ ነው ብዬ እየያዝኩ፣ መዝሙሩን አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ደግሞ እናንተ ጋ። ጥሩሰው ከበሮ የሠራው ከናፍጣ በርሜልና ከተቀደደ ጆንያ ነበር። ያን የሚያጉረመርም የጊታር ድምፅ ያገኘው ማን ነው? ተረፈ ነው። የአሮጌ ስፒከር ሆድ በምላጭ ሰነጣጥቆ። የምንለማመድበትን ቦታ ያመጣውስ ማን ነው? እሱ ነው፤ የአባቱ የጋሽ ሽብሩ የእንጨት መሰንጠቂያ። መጋዙ ግንድ ሲሰነጥቅ የኛን ጩኸት የሚሰማ ሰው አልነበረም። ለዚህ ነው ባንዱን “መጋዝ” ያልነው። በሬዲዮ ግን “ስሙ በሕልም ነው የመጣልኝ” አልክ።

የመጀመሪያው ቅጂያችን ከዚያ በፊት በጥሩሰው እናት ጎተራ አጠገብ የተቀዳው ነው። ታስታውሳለህ? በመሃሉ ዶሮዋ ገብታ ትጮሃለች፤ ጥሩሰው “ሽ!” ይላል፤ አንተ በእንግሊዝኛ መሰል ቋንቋ ትዘፍናለህ። ትርጉሙን ስጠይቅህ “ትርጉም የለውም፣ ስሜት ነው” አልከኝ። ከዚያ በኋላ ነው ግጥም መጻፍ የጀመርኩት። “ግንዲላ”ን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

*ትላንት ሥር ነበረኝ፣ ወፍ ያረፈብኝ*
*ዛሬ ሣንቃ ሆኜ፣ በር ዝጋ አሉኝ*

ይህን የፊዚክስ ደብተሬ ጀርባ ላይ ስጽፈው አጠገቤ ተቀምጠህ ብርቱካን ትልጥ ነበር። አሁን ግጥም፦ አንተ።

እንግዲህ ወደ ሬዲዮው ልምጣ። ባለፈው ሐምሌ፣ የአንዲት ነፍሰ ጡር ደም ግፊት እየለካሁ፣ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው በሞባይሉ ኤፍኤም ከፍቷል። ድምፅህን አወቅሁት። ጋዜጠኛዋ “ግንዲላ መግቢያው ላይ ያለው ጩኸት ሰውነት ያንቀጠቅጣል፣ እንዴት አወጣኸው?” አለችህ። አንተም ሦስት ቀን ጾመህ፣ ሳንባህን አለማምደህ፣ በአንድ ትንፋሽ ያወጣኸው መሆኑን አስረዳሃት። እኔ የደም ግፊቱን መለኪያ እነፋለሁ፣ እነፋለሁ። ሴትየዋ “እህቴ፣ እጄን!” ብላ ስትጮህ ነው የነቃሁት።

ያን ጩኸት ማን እንደጮኸው የምናውቀው አራት ሰዎች ነን። እግዚአብሔርን ስትጨምር አምስት።

ሚያዝያ 1989፣ ቅዳሜ ቀን። ጋሽ ሽብሩ ግንድ ሊገዙ ሀደሮ ወርደው ነበር። ሠራተኞቹም የሉም። አንተ “ዘፈኑ በእውነተኛ መጋዝ መጀመር አለበት” አልክ። ሁላችንም ደስ አለን፤ አልዋሽም። ቴፑን ሁለት ባዶ ሳጥን ላይ አስቀመጥከው። ሣንቃውን የሚያስገባው ተረፈ ነበር፤ ሥራውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው እሱ ነዋ። በመጋዙ ጥርስ ውስጥ ስንጥር ተቀርቅሮ ስላየ “ቆዩ፣ ይህን ላውጣ” አለና ግራ እጁን ሰደደ። ማሽኑ ተነሳ።

ሦስት ጣት። ከአውራ ጣትና ከትንሿ ጣት በቀር ያለው ሁሉ።

ጥሩሰው በርሜሉን ገልብጦ ሮጠ። እኔ የመዘምራን ነጠላዬን ቀድጄ ጠመጠምኩለት፤ ነርስ የሆንኩት ያን ቀን ይመስለኛል፣ የምስክር ወረቀቱን ያገኘሁት በኋላ ነው። መንገድ ላይ አይሱዙ አስቁመን ተረፈን ጫንነው። አንተ ግን ከመኪናው ወርደህ ተመለስክ። ጣቶቹን ልታመጣ የሄድክ መስሎኝ ነበር። ስትመለስ ካሴቱን ሸሚዝህ ውስጥ ከትተህ መጣህ።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ቧንቧው አጠገብ፣ ለጋሽ ሽብሩ የሚነገረው ነገር ተመከረ። ተረፈ በዚያ ድንጋጤ ምንም አያስታውስም ነበር። “ማሽኑን ራሱ ነው ያበራው” ተባለ። ለአባቱ እንዲህ ተነገራቸው። ለራሱም ሲነቃ እንዲህ ተነገረው። እሱም አመነ። በሁለተኛው ሳምንት አንተ ካሴቱን ይዘህ አዲስ አበባ ገባህ፤ አንድ ቀን እንኳ አልጋው አጠገብ አልቆምክም።

ጋሽ ሽብሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን ሰው በመጣ ቁጥር “ይሄ ልጄ በገዛ እጁ እጁን ያስበላ ነው” ይሉ ነበር። እንግዳ ሲስቅ ተረፈም አብሮ ይስቅ ነበር። ለአሥር ዓመት። በ1999 አባትየው ሲያጣጥሙ እኔ ራስጌያቸው ቆሜ ውሃ ይዤ ነበር። “ልጄ፣ ያን ቀን ማሽኑን ባታበራው ኖሮ ይህን ቤት ላንተ ትቼልህ ነበር የምሄደው። ግን ይቅር ብዬሃለሁ” አሉት። ተረፈ እግራቸውን ስሞ አለቀሰ። ይቅርታ የተደረገለት ባልሠራው ነገር ነው። ውሃው ከእጄ ላይ ፈሰሰ፤ ደክሟት ነው አሉኝ። መሰንጠቂያው ለአጎቱ ተሰጠ፤ ተረፈ ዛሬም የሒሳብ መምህር ነው።

አሁን ደግሞ መስከረም ላይ ምን ይዘህ እንደመጣህ ልንገርህ፤ አንተ የሰማኸው ጭብጨባውን ብቻ ነውና።

“መጋዝን እንደገና እናገናኘው” ስትል እኔ አይሆንም አልኩ። ተረፈ እሺ አለ። ሦስት ቀን ተጣላን። ለምን እንደምቃወም ሲጠይቀኝ “ያን ሰውዬ ስለማልወደው” አልኩት። “እኔም አልወደውም” አለኝ፣ “ግን መጫወት እወዳለሁ።” ከዚያም ከአልጋው ሥር ጊታር አወጣ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር ያን ጊታር የልጅነቱ ማስታወሻ ነው እያልኩ አቧራውን ስጠርግለት ነበር። ገመዶቹን ገልብጦ አስሯቸዋል። በግራው፣ በሁለቱ ጣት፣ መምቻዋን እንደ ጉጠት ይዞ፣ በቀኙ እየተጫነ ተጫወተልኝ። ሌሎች መምህራን ወደ ቤት ሲሄዱ እሱ እየቀረ በትምህርት ቤቱ ጊታር የተማረው ነው። እኔ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ እያስተማረ ይመስለኝ ነበር።

ሞርሲቶ ከተማ ስንለማመድ አንተም አይተኸዋል። ጥሩሰው የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ቁልፍ ይዞ፣ ምክትል ርዕሰ መምህርና ሰባኪ ሆኖ፣ ክራባቱን ፈትቶ ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ “ባለቤቴ ከሰማች አለቀልኝ” እያለ እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳ ሲደበድበው ነበር። ሁለት ዘፈን ተጫወትን። ከዚያ አንተ ላፕቶፑን ከፍተህ “አሁን ግንዲላ፣ ከጩኸቱ ጋር” አልክ። ተጫንከው።

ተረፈ የራሱን ጩኸት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ያን ዕለት ነው። ሬዲዮውን እንዳይሰማ አድርጌ ነበር፤ እሱ ግን ወሬውን ከተማሪዎቹ ሰምቷል። ፊቱን አየሁት። እስከ መጨረሻው አዳመጠና “ከዚህ በኋላስ? እኔ ስጮህ እናንተ ዝም ብላችሁ ቆማችሁ? የሆነ ነገር ብላችሁ መሆን አለበት” አለ። አንተ “ባዶ ነው፣ ቆርጬዋለሁ” አልከው። ስትመልስለት የምታየው እኔን ነበር። ተረፈ ይህንንም አየ።

ከዚያ የመስቀል ሰሞን ዝግጅቱ። አዳራሹ ለበዓል ከአዲስ አበባ በገባ ሰው ሞልቷል። ፈቃድ የጠየቀን የቀበሌው ሰውዬ “ግጥሙ ውስጥ ‘በር ዝጋ’ የሚለው ማንን ነው?” ብሎ ሲያፋጥጠኝ አንተ ፎቶ ትነሳ ነበር። ጥሩሰው ያለበት ነው ሲባል መዝሙር መስሏቸው የመጡ እናቶች ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ በሁለተኛው ዘፈን ተነስተው ሲወጡ አንዷ ወደ መድረኩ ዞራ “ጌታ ይፍታችሁ” አለችን። ወጣቶቹ ግን ወንበር ላይ ወጥተው ይዘሉ ነበር።

ግንዲላ ሲደርስ ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ አልክ። ተረፈ ሄዶ ገመዱን ነቀለው። ማይኩን ያዘና፣ በዚያ ተማሪ በሚያረጋጋበት ድምፁ፣ “የመግቢያው ጩኸት የጓደኛዬ ነው፤ በሬዲዮ ሰምታችኋል። ዛሬ በካሴት ሳይሆን እዚሁ በአካል ያሰማችኋል” አለ። ሕዝቡ አፏጨ። አንተ በጆሮው “ተው” ስትለው ሰማሁ። እሱም በጆሮህ “ያንተ ነው አላልክም? ጩህ” አለህ።

ጮህክ። ከደረትህ የወጣው ሳል ነበር። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ላቦትህ ፈሰሰ፣ አንገትህ ቀላ፤ ዳግመኛ ሞከርክ፣ ዳግመኛ ሳልክ። እኔ ደስ አለኝ። ሰው በሰው ውርደት ደስ ሊለው እንደማይገባ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ተምሬያለሁ፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ ተረፈ በሁለት ጣቱ ጀመረው፣ ጥሩሰው ተከተለው፣ እኔም ገባሁ። አንተም ማይክህን አንስተህ ዘፈንክ። ይህን ለመጻፍ እጄ እምቢ ይለኛል፤ ግን እንደዚያ ቀን አሳምረን ተጫውተን አናውቅም።

ከዝግጅቱ በኋላ፣ ሰው ተረፈን ከቦ ፎቶ ሲያነሳው፣ አንተ ከአዳራሹ ጀርባ ክንዴን ያዝከኝ። “ነገርሽው እንዴ?” አልከኝ። አልነገርኩትም አልኩህ። “እንግዲያው ዝም በይ” አልከኝ።

ሁለተኛህ ነው። “ዝም በይ” ስትለኝ ይህ ሁለተኛህ ነው። የመጀመሪያውን የት እንዳልከኝ ታውቃለህ፤ ካሴቱ ላይ አለ፣ ከጩኸቱ ቀጥሎ። እስካሁን “ማሽኑ ተነሳ”፣ “ተመከረ”፣ “ተባለ” እያልኩ የጻፍኩትን አይተሃል። ማሽን ብቻውን አይነሳም። እጄ ከዚህ በላይ አይዋሽልኝም።

ማብሪያው እኔ አጠገብ ነበር። አንተ ራስህን ስትነቀንቅ እንዳበራው ተስማምተን ነበር። ተረፈ “ቆዩ” ሲል ሰምቼዋለሁ። ከዚያ አንተ ቴፑን እያየህ ነቀነቅህ። እኔ እሱን ማየት ነበረብኝ። መጋዙ ላይ የነበረው የሱ እጅ ነው። ግን አንተን ነበር የማየው። ያን ጊዜ ሁልጊዜ አንተን ነበር የማየው። አበራሁት።

ከጩኸቱ በኋላ የሚሰማው የኔ ድምፅ ነው። “እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያበራሁት!” እላለሁ። ቀጥሎ ያንተ ድምፅ፤ “ዝም በይ።” ዝም አልኩ። አሥራ አራት ዓመት ከመንፈቅ ዝም አልኩ። ቧንቧው አጠገብ “ራሱ ነው ያበራው እንበል” ያልከው አንተ ነህ፤ ለጋሽ ሽብሩ በአፌ የነገርኳቸው ግን እኔ ነኝ። ጥሩሰው ጫማውን እያየ ቆሞ ነበር። ተረፈን ላገባው ስል ሰው ሁሉ “እንዴት ያለ ልብ ነው ያላት፣ አካል ጉዳተኛ አገባች” አለ። ይህንንም ዝም ብዬ ሰማሁ። መጀመሪያ ላይ ያገባሁት ዕዳ መስሎኝ ነበር። እንዲህ ብሎ የጀመረ ነገር ምን ሆኖ እንደሚቀጥል አንተ አይገባህም፤ ለሌላ ሰው ነው የማስረዳው።

ስለዚህ አንተን የምጠላህ ስላጠፋህ ብቻ አይደለም። አንተን ባየሁ ቁጥር እኔን ስለማይ ነው። ይህ ግን ካንተ ጥፋት ላይ ምንም አይቀንስልህም። እኔ በየቀኑ እጁን እያየሁ ኖሬያለሁ። አንተ ጩኸቱን መግቢያ አደረግኸው።

አሁን ይህን ደብዳቤ ለምን እንደምጽፍ ልንገርህና ላብቃ፤ በሽተኞች በሩ ላይ ተሰልፈዋል። ወረቀትህ የመጣ ዕለት ተረፈ፣ “ጻፊለት። ያልተቆረጠውን ካሴት ይላክልኝና እፈርማለሁ። ከጩኸቴ በኋላ ምን እንደተባለ መስማት እፈልጋለሁ” አለኝ። ከዚያ “ስትጨርሺ ደብዳቤውን አታሽጊው፤ ከታች አንድ ሁለት ቃል እጨምርበታለሁ” አለኝ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነው ያለኝ።

እና አላሽገውም። ማታ ስገባ የተማሪዎቹን ደብተር የሚያርምበት ጠረጴዛ ላይ ክፍቱን አስቀምጠዋለሁ።

ለእናትህ ዕድሜና ጉልበት ይስጥልኝ፤ ምንም አላደረጉኝም። ላንተ ደግሞ እግዚአብሔር ደረትህን ይማርልህ፣ ከአንደበትህ በፊት ጆሮህን ያብዛልህ። ከዚህ የተሻለ ምርቃት ለጊዜው የለኝም።

የቀድሞ ጓደኛህ

ይህን የምጨምረው እኔ ተረፈ ነኝ። ደብዳቤው አምስት ቀን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከረመ። በነዚህ ቀናት ቤት ውስጥ ከሩት በቀር ያናገርኩት ሰው የለም። አባቴ መቃብር ሄጄ ነበር፤ ሣሩን ነቃቅዬ ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋት ሻይ አቀረበችልኝ። ተቀበልኳትና “ፖስታ ቤት ልሄድ ነው፣ የምትጨምሪው አለ?” አልኳት። የለም አለች።

ወረቀቱን ሳልፈርም መልሼልሃለሁ። “ረዳት” የሚለውን ሰርዘህ፣ “ጩኸት፦ ተረፈ ሽብሩ”፣ “ግጥም፦” ከሚለውም ቀጥሎ የሷን ስም ጽፈህ ስትልከው ሁለታችንም እንፈርማለን።

ካሴቱን ግን አትላክ። የቀረውን ሰምቼዋለሁ።

ባሏ